ካልሲ ውስጥ የተገኘው ዱቄት

ጥቅምት 4
ሳምንት ሙሉ ጠፍቶ የነበረው የግራ እግሬ ካልሲ ዛሬ ረፋዱ ላይ ከሶፋው ሥር በሕይወት መገኘቱን ለመላው ቤተሰብ በታላቅ ደስታ አስታውቃለሁ።

ብቻውን ግን አልነበረም። ሆዱ ውስጥ ትንሽ ፌስታል፣ ፌስታሉ ውስጥ ቡናማ ዱቄት። አሸተትኩት። የደረቀ እንጉዳይ... የሚያቃዠው ዓይነት። ሠላሳ አራት ዓመት የአእምሮ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ከሠራ ሰው ሊደብቁ፣ ያውም በገዛ ካልሲው! የልጅ ልጄ አውቶቡስ መንዳት እንጂ መደበቅ አልተማረም።

ጥቅምት 5
ጠየቅኩት።
«አባባ፣ ይኼ እኮ አደንዛዥ አይደለም። ዐይን ይከፍታል።»
«ታዲያ እስከ ዛሬ ዐይንህን ጨፍነህ ነው ሰው የምትጭነው?»
አልሳቀም። «የስድስት ሰው ነው፣ ለእሑድ። አስቀምጥልኝ ብሎኝ ነው። እማዬንም ታያታለህ ብሎኛል።»
ይህን ያለው ሰፈሩ «ዐይን ከፋች» የሚለው ሰውዬ ነው። እስከ አምና ምንጣፍ ያጥብ ነበር። ዘንድሮ ነፍስ ያጥባል።
እናቱ፣ ልጄ፣ ስትሞት እሱ መንገድ ላይ ነበር፣ መሪ ጨብጦ። አልደረሰም። ይቅር በይኝ ሊላት ነው...

ጥቅምት 6
«የጥንት ሰዎች ጥበብ ነው» ይላል አሉ። የጥንቶቹማ ጾመው፣ አዋቂ አጠገባቸው አስቀምጠው ነበር የሚቀምሱት። በእኛ ጊዜም ሐኪሞች ይህን መሰል ነገር በብልቃጥ አስመጥተው ሞክረዋል። አንዱ ሕመምተኛ ሲሻለው አይቻለሁ። ሌላው ግን «ግድግዳው ይተነፍሳል» እያለ ሦስት ወር ሙሉ ግድግዳ ሲጠብቅ ከረመ። ያውም ሐኪም ባለበት! ይኼኛው ምን አለው? የምንጣፍ ብሩሽ።

ጥቅምት 8
የልጅ ልጄ ሥራ ሲሄድ ዱቄቱን ሽንት ቤት ደፋሁት። በምትኩ የሾርባ እንጉዳይ ወቅጬ ፌስታሉን ሞላሁት።

ጥቅምት 10፣ እሑድ
ከቀትር በኋላ ተመለሰ።
«ሁሉም አዩ፣ አባባ። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ በረረች። ዐይን ከፋቹም ከብርሃን ጋር ተነጋግሮ አለቀሰ።»
ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። በሾርባ እንጉዳይ! ጨው ቢጨመርበትማ ያርጉ ነበር።
«አንተስ?»
«ምንም... እኔ ብቻ አላየሁም። እማዬ ልታየኝ አልፈለገችም።»
ሳሌ ቀጥ አለ። ምነው እጄን በቆረጠው።

ጥቅምት 11
ሁሉንም ነገርኩት። ሽንት ቤቱን፣ ሾርባውን። ከዚያ «ልብስ ሰፊዋ እኮ በረረች...» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። ስለ እናቱ አወራሁለት። ልጅ ሳለች ጨለማ ስለምትፈራ ጓዳ ስትገባ ትዘፍን እንደነበር። መጨረሻዋም ላይ «ልጄ መንገድ ላይ ነው፣ አትጥሩት፣ ቀስ ብሎ ይንዳ» እንዳለች።

ጥቅምት 19
ዐይን ከፋቹ ጠዋት በር አንኳኳ። የልጅ ልጄ «ምንጣፋችን ንጹሕ ነው» ብሎ መለሰው። ኮራሁ። ወደ ሥራ ሲወጣ «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፣ አባባ» አለኝ።

እንግዲህ ለዚህ ደብተር ብቻ... ዘፈኑ እውነት ነው። «ቀስ ብሎ ይንዳ» የሚለውን ግን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ልጄ ምንም አላለችም፤ ተኝታ ነው የሄደችው።

ያንን ሰውዬ ስሰድብ ከርሜ... በል ዝም በል፣ አንተ ሽማግሌ።