ማሽኖቹን ያስጠፋሽ ቀን

ውድ እታለም፣

ይህ አራተኛው ወረቀት ነው። ሦስቱን የቀደድኳቸው፣ «አለቃዬ አጠገቤ ስለነበር» ምናምን እያልኩ በሰበብ ስለጀመርኳቸው ነው። ሰበብ የለኝም። አፍሬያለሁ፤ የምጽፍልሽም ይህንኑ ነው።

ያቺን አንድ ክፍል አብረን ስንከራይ እንቁላል መቀቀል እንኳን በቅጡ እንደማላውቅ ካንቺ በላይ የሚመሰክር የለም። እኔ ሥራ አጥቼ አልጋ ላይ ተጋድሜ ስውል፣ አንቺ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ እጅሽ በሳሙና ተልጦ ትመጪና ጫማሽን ሳታወልቂ መጥበሻውን ትጥጃለሽ። «ተነሽ ሚጡ፣ ዓይንሽ እያየ ይማር!» ሽንኩርቱና ቀዩ ቃሪያ በወይራ ዘይት እስኪለሰልሱ አትቸኩዪም። ከሙኑን ነስነስ፣ ከዚያ ቲማቲሙን። ቲማቲሙ ጠብሰቅ ሲል በማንኪያ ጀርባ አራት ጉድጓድ ታበጂና በየጉድጓዱ አንዳንድ እንቁላል ሰብረሽ ትከድኚዋለሽ። «አስኳሉን እንዳታደርቂው፣ ጥርስ እንዳንሰብር!» ከዚያ ከነመጥበሻው መሬት አስቀምጠን በዳቦ እያጠቀስን እንበላለን። ከአራቱ እንቁላል ሦስቱን የምበላው እኔ ነበርኩ። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ሬዲዮ ጣቢያው ለምግብ ፕሮግራም ሲቀጥረኝ «ምግብ መሥራት የተማርኩት ከእናቴ ጓዳ ነው» ብዬ ዋሸሁ። እናቴን በፎቶግራፍ ብቻ እንደማውቃት አንቺ ታውቂያለሽ፤ እነሱ ግን ከየት ያውቃሉ? ያን ቅዳሜ ጠዋት ታዲያ ያንቺን መጥበሻ «እናቴ የምትሠራልን» ብዬ ከሀ እስከ ፐ ተናገርኩት። ያቺን የጥርስ ቀልድሽን እንኳን አልተውኩልሽም። ከዚያ የአድማጮች ስልክ ተከፈተና ደወልሽ።

«ሄሎ! ሚጡዬ! እኔ ነኝ እኮ! ኧረ ከሙኑን ረሳሽው!»

ገና አፍሽን ስትከፍቺ ነው ያወቅኩሽ። አለቃዬ ከመስታወቱ ወዲያ ቅንድቡን አነሳ። ውሸቴ ሊወጣ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ይቅርታ እመቤት፣ ከየት ነው የሚደውሉልን? አላወቅኩዎትም» አልኩሽ።

እርስዎ አልኩሽ! አንድ አልጋ ላይ ራስጌና ግርጌ ሆነን ሁለት ዓመት የተኛን ሰዎች። ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶብኝ ነው፤ መልካም ፕሮግራም ይሁንልዎ» ብለሽ ዘጋሽ። እዚያው ልታጋልጪኝ ስትችዪ ሸፈንሽኝ። እኔም በዚያው ሳቂታ ድምፄ «ወደ ቀጣዩ አድማጫችን» አልኩ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ይቅርታ ልጠይቅሽ ሥራ ቦታሽ መጣሁ። በሩ ላይ አንሶላ የሚያጥፉት እናት ገና ሰላም ስላቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ድምፅሽን ለየሁት። የሬዲዮዋ ነሽ አይደል? ‹ዝም በሉ፣ እህቴ ናት!› ብላ ማሽኖቹን ሁሉ አስጠፍታ እኮ ነው ያሰማችን።»

መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። እኔ የመሰለኝ ያንቺን ልብ ብቻ የሰበርኩ ነበር፤ ለካ በዚያ ሁሉ የሥራ ባልደረባሽ ፊት ውሸታም አድርጌሻለሁ። «ግቢ እንጂ፣ ውስጥ ናት» አሉኝ። በመስኮቱ ጀርባሽን አየሁት፤ አጎንብሰሽ ሸሚዝ ትተኩሻለሽ። ሳልገባ ዞሬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ስደውል አለማንሳትሽ እውነትሽን ነው።

ትናንት በፕሮግራሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ምግቡ የእናቴ እንዳልሆነ፣ ያስተማረችኝ ያቺ «አላወቅኩዎትም» ያልኳት ሴት እንደሆነች። አለቃዬ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ «ሰው የሚያዳምጠን ምሳውን ምን እንደሚሠራ ለማወቅ እንጂ ኑዛዜ ለመስማት አይደለም!» ብሎ ፕሮግራሙን ለሌላ ሰጠው። እኔን ማስታወቂያ አንባቢ አድርጎኛል። ሲያንሰኝ ነው።

ይህን ስላደረግኩ ታረቅን ማለቴ አይደለም። ለማላየው ሰው መናገር ቀላል ነው፤ የሚከብደው ያንቺን ዓይን ማየት ነው። ነገ ምሳ ሰዓት ደብዳቤውን ራሴ አምጥቼ ለእኒያ አንሶላ ለሚያጥፉት እናት እሰጥና፣ አንብበሽ እስክትጨርሺ በሩ ላይ እጠብቃለሁ። ልታዪኝ ካልፈለግሽ በእሳቸው በኩል «ትመለስ» በዪ፤ እመለሳለሁ። አስገብተሽኝ እንደሆነ ግን እባክሽን በዝምታ አትቅጪኝ፤ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ስደቢኝ።

እህትሽ ብዬ ለመፈረም እጄ አልታዘዝ አለኝ፤
ለጊዜው ሚጡ ብቻ