ነጭ ሻርፕሽን አትፈልጊው

ሀፊሳ፣

ውሃ ዛሬ ይለቀቃል፤ ሮቶውን ሙዪ። የእኔን ቁልፍ ለአከራይዋ ሰጥቻለሁ። ጋዙ ሊያልቅ ነው፣ ወጥ ጥደሽ እንዳይጠፋብሽ።

እኔና ጃፋር ነገ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ እንጋባለን። ምስክሮቻችን ሁለት የፓርኩ ጠባቂዎች ናቸው። እነሱ ወሬ አያቀብሉም፤ ፓርኩም ሰፊ ነው፣ ፈልጎ የሚያገኘን የለም።

«ወላሂ፣ ለማንም ትንፍሽ አልልም» ብለሽኝ ነበር። ሠርጉ ዛሬ ገርዓልታ ተራራ ላይ ነው ያልኩት ግን ላንቺ ብቻ ነው፣ ሓፍተይ።

ክርስቲያን ምራት አልፈልግም ያሉት አጎትሽ፣ የጃፋር አባት፣ ዛሬ ጠዋት ሽማግሌዎች በሚኒባስ ጭነው ሊያስቆሙን ወደ ገርዓልታ ሄደዋል።
ያን አቀበት፣ በዚያ ጉልበታቸው!
ለእሳቸው ጉልበት ብቻ አዝናለሁ።

አጎትሽ ከጅዳ ያመጡልሽን ነጭ የኢድ ሻርፕ ቁም ሳጥን ውስጥ አትፈልጊው። የማገባው እሱን ለብሼ ነው። ፎቶውን ነገ እልክላቸዋለሁ፣ ሻርፑን ገና ሲያዩት ያውቁታል።

ገርዓልታ የላክሻቸው አንቺ፣ ሙሽራዋ የለበሰችው ያንቺን።
ከእኛ ጋር እንዳልዶለትሽ እስቲ አስረጂያቸው።

ፍሬወይኒ