የደረጃዬን መደገፊያ ስለከለከሉኝ ሰው

ለተከበሩ ሚስተር ፔንፎልድ፣
የወረዳው ጥንታዊ ቤቶች ጥበቃ ኃላፊ

ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። እንጨቴን እፈልጣለሁ፣ ድንቼን እኮተኩታለሁ፣ ፊደሌ ቢንጋደድም ይህንን በገዛ እጄ እጽፋለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ደረጃዬን ሲወጡ ስላየሁ ለጉልበትዎስ አልሰጋም።

አንደኛ፣ ደረጃዬ ጭስ ማውጫውን ተጠግቶ እየተጠማዘዘ እንደ መሰላል ሽቅብ የሚወጣ መሆኑን አይተዋል። በጾሙ ወራት ከላይ እስከ ታች ተንከባልዬበታለሁ። የእጅ መደገፊያ ልምታበት ብዬ ፈቃድ ብጠይቅ፣ «ሚስተር ጋሮድ፣ አራት መቶ ዓመት የቆየ እንጨት ነው! አንዲት ምስማር አትነካውም!» አሉኝ። ለእንጨቱ ስላዘኑለት አመሰግናለሁ።

«ታች ለምን አይተኙም?» ብለው መምከርዎም ደግነት ነው። የጭቃና የጭዱን ግድግዳ በሲሚንቶ ለስኑ ብሎ ያዘዘን ግን የእርስዎው መሥሪያ ቤት ነበር። ከዚያ ወዲህ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ግድግዳው ከውስጥ እየበሰበሰ ነው፤ ታች የተኛ ሰው እንደ ድመት ሲያስነጥስ ያድራል።

ሁለተኛ፣ የጻፍኩልዎ ስለ ደረጃ ሆኖ ሳለ የመኝታ ቤቴን ስፋት ለምን እንደለኩ፣ በመስኮቱም ሜዳውን ለምን ፎቶ እንዳነሱ አልገባኝም። በሳምንቱ የባለቤትዎ ወንድም፣ ቤት አሻሻጩ፣ «የአዛውንቶች መጦሪያ የሚገቡት መቼ ነው?» ሊለኝ መጣ። ጎረቤቴ ዶሪስ በአጥር ላይ ብቅ ብላ፣ «አንተ ሩበን፣ ልክህን ወስደውልሃል፤ ለሬሳ ሣጥን እንዳይሆን!» አለችኝ። እኔ እንኳ እንዲህ ያለ ክፉ ሐሳብ የለኝም። ዝም ብዬ በሬን መቆለፍ ጀመርኩ እንጂ።

ከዚህ ቤት የምወጣው ከደረጃው ከወደቅሁ ብቻ መሆኑን ሁላችንም ስለምናውቅ መላ ፈለግሁ። የደብራችን ደወል ደዋዮች አዲስ ገመድ ሲያስገቡ አሮጌውን ሰጡኝ። ከቤቱ ጋር አብረው በተሠሩት የደረጃው ግድግዳ የእንጨት ችንካሮች ላይ ከላይ እስከ ታች አሰርኩት። አንዲት ምስማር አልነካሁም። የከለከሉኝን ወረቀት ዘመዴ ሁለቴ አነበበችልኝ፤ ስለ ገመድ አንዲት ቃል የለበትም።

ለቤቴ ከእኔ በላይ ስላሰቡለት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ገመዴን ግን ሳልለቅ፣ እጅ እነሳለሁ።

ሩበን ጋሮድ፣ የሟቿ የዊኒ ባል፣ ኔዘርኮት

ይድረስ እንደገና፦ ያለብኝን ዕዳ ወራሼ እንዳይጠየቅበት ራሴ እከፍላለሁ፦ ለደዋዮቹ አንድ በርሜል ቢራ፣ ለዶሪስ የሰበርኩባትን ሳህን፣ ለዊኒ በመቃብሯ ላይ ያላጨድኩትን ሣር። ለእርስዎም የቅጣት ደብዳቤ ከላኩልኝ ቅጣቱን፤ ከደረጃዬ በእግሬ ወርጄ።