ሟቹ በአካል ቀርቦ እንዲያስረዳ ለጠሩት ሰብሳቢ

ለተከበሩ የሥነ መለኮት ኮሌጁ የኅትመት ቦርድ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ብዙ ያልደከመውን ዓይንዎን ፈጣሪ ደህና ያቆይልዎ።

ባለፈው ማክሰኞ የጻፉት ደብዳቤ ደርሶኛል። ባለቤቴ የመጽሐፉን ዐሥራ ሁለተኛ ምዕራፍ አሻሽሎ፣ በዐሥር ቀን ውስጥ በአካል ቀርቦ እንዲያስረዳ ጠይቀዋል። ስለ ጥሪው ከልብ አመሰግናለሁ። መጽሐፉ ያለው ዘጠኝ ምዕራፍ ብቻ መሆኑን፣ ባለቤቴም ከተቀበረ ዛሬ ሃያ ስድስተኛ ቀኑ መሆኑን በመግለጼ ሥራዎን ካወክሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ምናልባት አያስታውሱት ይሆናል። በኮሌጅዎ የክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር መምህር ነበር፤ ከደረጃው ሥር ባለችው መስኮት አልባ ክፍል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠው፣ ተማሪዎቹ "አባ ማስረጃ" የሚሉት፣ ምንጭ ሳይጠቅስ "ደህና ዋልክ" የማይል ሰው። መጽሐፉ የሚሞት ሰው እውነቱ ይነገረው ወይስ ይደበቅ በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። የጻፈው እናቱ፣ ሁላችንም "ትድኛለሽ" እያልናት፣ አንዲት የስንብት ቃል ሳትተነፍስ ስላለፈች ነው። በፍቅር የሚነገር ውሸትም ቢሆን ከሰው የመጨረሻ ቀኖቹን መስረቅ ነው ይላል አራተኛው ምዕራፍ። በዚህ ነገር ጨካኝ ነበር። ምዕራፉን ሁለት ጊዜ ተይቤዋለሁና አውቃለሁ።

ቅሬታዬን እንደ ደንቡ በቁጥር ላቅርብ።

፩. ጥራዙን ካስረከብን ስድስት ዓመት አልፎታል። በእነዚህ ዓመታት "በግምገማ ላይ ነው" የሚሉ አራት ደብዳቤዎች ደርሰውናል፤ የሚለያዩት በቀናቸው ብቻ ነው። ለጽናትዎ አድናቆቴ ይድረስዎ።

፪. ሐኪሙ ጊዜው ማጠሩን ለባለቤቴ ከነገረው በኋላ (ራሱ ነው ንገረኝ ብሎ የያዘው) እኔ ቢሮዎ መጣሁ። ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። ጸሐፊዎ ጥራዙን ከቁም ሳጥኑ ሥር ፈልጋ አወጣችና አቧራውን እያራገፈች፣ "እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ከመጣ ጀምሮ የነካው የለም" አለችኝ። በመሥሪያ ቤትዎ የባለቤቴን ትምህርት ሥራ ላይ አውላ ያገኘኋት እሷን ብቻ ነውና የደረጃ ዕድገት ቢያስቡላት።

፫. ሦስተኛው በራሴ ላይ ነው።

ቤት ስገባ ትራስ ተደግፎ ይጠብቀኝ ነበር። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ "እህ፣ ምን አሉ?" አለኝ። ተቀብለውታል አልኩት። "ማን አነበበው?" ሰብሳቢው ራሳቸው አልኩት። "አራተኛውስ? አልከበዳቸውም?" እሱንማ ሁለቴ ነው ያነበቡት አልኩት።

ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ዋሽቼው አላውቅም፤ ብሞክርም ከፊቴ ላይ ያገኝብኝ ነበር። ያን ቀን ግን አመነኝ። ስንት ቀን እምቢ ያለውን ሾርባ አምጪ ብሎ ጠጣ። ከዚያ፣ "ቁጭ በይ እስቲ፣ የምስጋናው ገጽ ይቀረናል" አለኝ።

ከዚያ በኋላ የኖረው ዘጠኝ ቀን ነው። ዘጠኙንም ቀን ያችን አንዲት ገጽ እያስጻፈ፣ እያሰረዘ፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ዓይኑን ጨፍኖ ቃል እየመረጠ ዋለ። በየማለዳው ዛሬስ እነግረዋለሁ እያልኩ እነሣ ነበር። በየማለዳው እሱ ቀድሞኝ "የት ደርሰን ነበር?" ሲለኝ እስክሪብቶዬን እይዝ ነበር። የመጨረሻ ቀኖቹን ሰረቅሁት ወይስ ሰጠሁት? አላውቅም። እንዲህ ያለውን የሚያውቀው እሱ ነበር፤ እሱን ደግሞ መጠየቅ አልችልም።

ገጹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። መዝጊያው እንዲህ ይላል፦ "ከሁሉም በላይ ይህን ሥራ በትዕግሥትና በጥንቃቄ ያነበቡልኝን የኅትመት ቦርዱን ሰብሳቢ አመሰግናለሁ። መልሱ ሲዘገይ በልቤ አምቻቸዋለሁና ይቅር ይበሉኝ።" አንድ ፊደል አልቀየርኩም። እንግዲህ ይቅርታ ጠይቆዎታል። ለመመለስ አይቸኩሉ፤ ልማድዎን እናውቃለን።

ረጅም ዕድሜና አጭር ስብሰባ እየተመኘሁልዎ፣ በርስዎ መልካም ስም አንድ ሰው በሰላም የተሸኘበት ቤት ነዋሪ፣

የሟቹ ባለቤትና ታይፒስት

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ሐሰት እንዲታተም አይፈቅድም። ስለዚህ ያ የምስጋና ገጽ ወይ መውጣት አለበት፣ ወይ እውነት መሆን አለበት። ለማውጣት እኔ እጄ አልታዘዝ አለኝ። እውነት ለማድረግ ግን ለርስዎ የሚቀርዎት ሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት ገጽ ብቻ ነው።