ሌባ መሆኔን ወይም አለመሆኔን የሚወስን ፍርድ ቤት እንዲፈለግልኝ ስለመጠየቅ

ይድረስ ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠራው ፍርድ ቤት የመዝገብ ክፍል የተከበሩ ኃላፊ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። አላህ ለእርስዎ ጤና፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለማኅተምዎም የማይደርቅ ቀለም እንዲሰጥ ከልብ እየተመኘሁ፣ በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ተወልጄ፣ በጀጎል ልጆች አስተምሬ፣ በጀጎል ጡረታ የወጣሁት ወይዘሮ ዐብላ ዐብዱልባሲጥ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ላስቸግርዎ ስላልፈለግሁ ነው። ብመጣም ስብሰባ ላይ ነዎት።

ጉዳዬን ረስተውታል ብዬ አልወቅስዎትም፤ ለመርሳት አስቀድሞ መስማት ያስፈልጋልና። ስለዚህ ለእርስዎም ለአንባቢም ባጭሩ ላስረዳ።

ለእህቴ ልጅ ለዓቢር የሠርግ ቀሚስ የሚሆን የአትላስ ጨርቅ ልገዛ ሸዋ በር አጠገብ ወደተከፈተው ባለ መስታወት መደብር ገባሁ። እርስዎም እንደሚያውቁት እኛ የጀጎል ሴቶች ጨርቅ በአምፖል አይተን አንገዛም። የውስጥ ሱቆቻችን ጠባብና ጨለማ ስለሆኑ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ሻጩ ራሱ አንዱን ጫፍ ይዞ ገዢዋን ተከትሎ ወደ መንገዱ ይወጣል፤ ቀለሙ በፀሐይ ይታያል፤ ካላማረ ታጥፎ ይመለሳል፤ ማንም አይቀየምም። እኔም ዕድሜ ልኬን እንደማደርገው ጨርቁን በሁለት እጄ ዘርግቼ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ወደ በሩ ወጣሁ። ለአገሩ አዲስ የሆነው ዘበኛ ክንዴን ያዘኝ፤ ሥራ አስኪያጁ ፖሊስ ጠራ፤ ያሳደግኋቸው ልጆች ታክሲ ሲጠብቁ በቆሙበት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወደ ጣቢያ ተወሰድሁ።

ከዚያ በኋላ የተደረገልኝን መስተንግዶ፣ ምስጋናዬ እንዳይዘበራረቅ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ፖሊስ ጣቢያው በዋስ ከለቀቀኝ በኋላ ነገሩ ትንሽ ነው በማለት ወደ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት መራኝ። እዚያ የተቀመጡት የተከበሩ ዳኞች ደጋግመው ከቀጠሩኝ በኋላ፣ ስርቆት ወንጀል መሆኑን፣ እነሱ የሚያዩት ግን የጎረቤት ጠብና አነስተኛ የገንዘብ ክርክር መሆኑን ገለጹልኝ። ይህን የመጀመሪያው ቀን ቢነግሩኝ ኖሮ በግቢያቸው ካለው ድንጋይ ጋር ይህን ያህል አንተዋወቅም ነበር።

2ኛ. የመጀመሪያ ደረጃ ተብሎ ወደሚጠራው ወደ እርስዎ ግቢ መጣሁ። ጸሐፊዎ ቀና ብሎ ሳያየኝ የጨርቁን ዋጋ ጠየቀኝና፣ ይህማ ለስርቆት ክስ ያንሳል፣ ደንብ መተላለፍ ነው፣ ወደ መጡበት ይመለሱ አለኝ። ያው ጨርቅ ለአንዱ ፍርድ ቤት ከመጠን በላይ ትልቅ፣ ለሌላው ደግሞ ከመጠን በላይ ትንሽ መሆኑን በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ አላስተማርሁም፤ በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ።

3ኛ. አንድ ባልደረባዎ፣ ራሴ ላይ ያሰርሁትን ጉፍታ አይቶ መሆን አለበት፣ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንድሞክር መከረኝ። የዚያ ቤት ቃዲ ጋብቻና ውርስ እንጂ ስርቆት እንደማያዩ ነገሩኝ፤ እርስዎ ጋ የሚሠራ ሰው ይህን አለማወቁ ግን እሳቸውንም አስደንቋቸዋል። በዚህ ሁሉ ጉዞዬ ወንበር ያቀረበልኝ ያ ቤት ብቻ ነው።

4ኛ. ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡ ከጣቢያ አልደረሰኝም ይላል፤ ጣቢያው ልኬያለሁ ይላል። ሥራ አስኪያጁም ልማዳችንን ከሰው ሰምቶ አፍሮ ነገሩን እርግፍ አድርጎ ትቶታል። የመደብሩ ሰው እንኳ ማፈር ችሏል።

በመጨረሻ እርስዎን ኮሪደር ላይ አገኘሁዎት። አልቆሙም፤ ግን እየሄዱም ቢሆን መልስ ስለሰጡኝ ባለውለታዬ ነዎት። «ወይዘሮ ዐብላ፣ ያልተከሰሰ ሰው ምን ቀረኝ ብሎ ይመላለሳል? ደስ ብሎዎት ቤትዎ ይግቡ» አሉኝ።

እሺ ብዬ ገባሁ። ደስታዬን ግን ልንገርዎ። ቤቴ ውስጥ ከእናቴ የወረስሁት ሣጥን አለ። ሐጅ የሚሄዱ፣ ለሕክምና አዲስ አበባ የሚወጡ፣ ከባላቸው ጋር የተኳረፉ ሴቶች ወርቃቸውን በአማና፣ በአደራ ማለት ነው፣ የሚያስቀምጡት እዚያ ነው። ደረሰኝ የለም፣ ምስክር የለም፤ ያለው ስሜ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሴቶቹ ወርቃቸውን ሊወስዱ ተራ በተራ መጡ። አንዷ ሠርግ አለብኝ አለች፤ ሌላዋ ወርቁ ይታጠብ አለች፤ ፊደል ያስቆጠርኋት አማል ምክንያት መፍጠር አቅቷት አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። ማንም ሌባ አላለኝም። ሁሉንም በፈገግታ ሸኝቻለሁ። እነሱን አልቀየምም፤ ሰው የሚያምነው ውሳኔ ያገኘ ነገር ሲሰማ ነው፤ የእኔን ነገር ደግሞ ልትወስኑ አልፈለጋችሁም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ነፃ ናት ብሎ መጻፍ የሚከብድ ከሆነ ጥፋተኛ ናት በሉኝ። የተፈረደበት ሰው ቢያንስ ይግባኝ አለው፤ የሚሄድበትን በር ያውቃል፤ ስሙን የሚያስመልስበት አንድ ቦታ አለው። እንደ እኔ ያለችው፣ ለመከሰስ እንኳ ያልበቃችው፣ ወዴት ትበል? የትኛው ፍርድ ቤት ስርቆትን እንደሚያይ ማወቅ ለፍርድ ቤት ይህን ያህል ምስጢር ከሆነ፣ እባክዎን ከሚያውቅ ሰው ጠይቀው ይንገሩኝ፤ በእግሬ እሄዳለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሥራ በዝቶ እንደማያደክምዎ ያለኝን ጽኑ እምነት እገልጻለሁ።

የሁሉን ግቢ ደጅ የጠናችው፣ በየትኛውም ያልተዳኘችው፣ አክባሪዎ
ዐብላ ዐብዱልባሲጥ
ሐረር፣ ጀጎል

ማስታወሻ፦ ሣጥኑ ገና ባዶ አይደለም፤ አንድ ጥንድ አምባር ቀርቷል። የአማናን ባለቤት ስም መጥራት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ አልጠራም፤ ቤት ሲገቡ እናትዎን ይጠይቋቸው። ሌባ ናት ብለው ከጠረጠሩኝ ነገውኑ መጥተው ይውሰዱ፤ የእኔ በር ክፍት ነው፣ ስብሰባም የለብኝም። ካልመጡ ግን ፍርድዎን ሰጥተዋል ማለት ነውና፣ ያንኑ በጽሑፍ አድርገው ማኅተም ይምቱበት።