ጀልባዋ ላይ የተውናት ሴት

ውድ እትዬ የሺሀረግ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ይወቁልኝ፤ አብረን የጀመርነውን መጽሐፍ መጨረሻ እስከ ዛሬ አላውቀውም። አጸደ፣ አንቺ ደግሞ ለአክስትሽ ስታነቢላቸው ቃል አትዋጪ፤ ነጥብ ላይ ቁሚ።

ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ፣ በረንዳዎ ላይ፣ ጣሊያንኛውን እያየሁ በአማርኛ እነግርዎት ነበር። «እሸቱ፣ አትሩጥ! ሴትዮዋ ገና ጫማዋን አላሰረችም» ይሉኛል። ቋንቋውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና ስሳሳት «ጂኦግራፊህ ይሻልሃል» ብለው ይስቁብኛል።

ያኔ ደራሲያችንን ኦሬስቴ ማንዞላን ማን ያውቀው ነበር? የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ በአንዲት የወደብ ከተማ መምህር፣ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ የሚቀሩበት ሰው። እንደ እኛው አስተማሪ መሆኑ ያስደስተን ነበር። የእኔና የእርስዎ ብቻ ይመስለን ነበር። አሁን ልብ ወለዱን ራሱ ፊልም አድርጎት ፊቱ ሜልበርን ውስጥ ትራም ላይ ተለጥፎ ይዞራል። እዚህ ያረጁ ጣሊያኖች «የኛ ልጅ» ይሉታል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀናሁ።

ንባባችንን አቋርጬ ከመጣሁ ወዲህ እዚሁ ሜልበርን፣ አስኮት ቬል በሚባል ሰፈር ከልጄ ከኑሀሚን ጋር ነኝ። እሷ ሺፍት ትገባለች፤ ልጆቿን በአማርኛ ሳናግራቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል። ቅዳሜ ሲደርስ መጽሐፉን አወጣለሁ፤ ያቆምንበትን ገጽ ገልጬ አየዋለሁ፤ መልሼ እዘጋዋለሁ። ማናችንም ለብቻችን ላንቀጥል ተባብለናልና።

ባለፈው ወር ኑሀሚን፣ «አባዬ፣ ፊልሙን ቡክ አደረግሁልህ! ደራሲው ራሱ ይመጣል» አለችኝ። ደስታዋን አይቼ እምቢ ማለት ከበደኝ። እኛ እስከደረስንበት አይቼ ልወጣ ወሰንሁ። ካርልተን ሰፈር ያለው ሲኒማ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሴትዮዋ ሻንጣዋን ይዛ ጀልባዋ ላይ ስትወጣ፣ እኔም «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያልሁ በሰው ጉልበት መሀል ተሹለክልኬ ወጣሁ።

ደጅ ላይ አንድ ሰው ሲጋራ ያጨሳል። ማንዞላ ራሱ ነበር።

«ይህን ያህል አስጠላዎት?» አለኝ።

«የለም። አዲስ አበባ ያሉ አንዲት ሴት ከታሪኩ እዚህ ቦታ ላይ እየጠበቁኝ ነው» አልሁት በጣሊያንኛ። ነገራችንን አስረዳሁት።

«ታዲያ መጨረሻውን ልንገርዎትና ሁለታችሁም ተገላገሉ!» ብሎ ሳቀ።

«ኧረ በማርያም!» ብዬ ጆሮዬን ደፈንሁ። አማርኛው አመለጠኝ።

ሳቁን ተወ። «ጀልባዋ ላይ ስንት ጊዜ ቆያችሁ?»

«ሁለት ዓመት።»

«እኔ ስጽፈው ከዚያ በላይ ቆይቻለሁ። ሴትዮዋ አልሄድም አለችኝ።»

ከውስጥ ጭብጨባ ተሰማ፤ ሮጦ ገባ። ሰው መውጣት ሲጀምር መንገዱን ተሻገርሁ። ከፊታቸው ላይ መጨረሻውን እንዳላነብ ፈርቼ ነው።

እትዬ፣ ከፋሲካ ወዲህ ድምፅዎን አልሰማሁም። የቤቱ ስልክ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። የአጸደን ቁጥር አልያዝሁም። ቫይበር ካላት ቁጥሯን ላኩልኝ፤ በኢንተርኔት ስለሆነ እንደ ስልኩ ገንዘብ አይበላም፤ የእናንተ ቅዳሜ ጠዋት ለእኔ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ያቺን ሰዓት አላጣትም። ሳልሮጥ አነብልዎታለሁ። ሌላ ሰው አንብቦ ጨርሶልዎት ከሆነም አልቀየምም፤ ከጀልባዋ ጀምሬ እንደ አዲስ አነበዋለሁ። መጨረሻውን ብቻ አይንገሩኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ ብስራት ሰኞ ወደዚህ ይመለሳል። እባክዎ፣ አንድ መስመርም ብትሆን ለአጸደ ይንገሩና ትጻፍልኝ፤ ሳይዘገዩ በእሱ እጅ ይመልሱልኝ።

ተማሪዎ እሸቱ