ሳይስቁ የማይገቡበት የሒሳብ ፈተና

ለተከበሩ የዲጂታል ትምህርትና የተማሪዎች አእምሮ ደኅንነት መምሪያ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ መምሪያዎ ሪፖርት እያደር የሚያምር እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የአንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አክስት ነኝ። እናቷ፣ ታላቅ እህቴ፣ ባለፈው ወር ስላረፈች ልጅቷ ከታናሽ ወንድሟ ጋር እኔ ዘንድ ትኖራለች። ትምህርት ቤቷ ፈተና የሚሰጥበትን መተግበሪያዎን በቅርብ ለመመልከት የታደልሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ምስጋናዬንም በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ።

፩. መተግበሪያዎ ጠዋት ጠዋት፣ ከሒሳብ ፈተናው በፊት፣ «ዛሬ ምን ይሰማሻል?» ብሎ አንድ የሚስቅና አንድ የሚያለቅስ ፊት ስለሚያቀርብላት አመሰግናለሁ። ከዘመድ ወገን እንዲህ ሳይታክት የጠየቃት የለም።

፪. የሚያለቅሰውን ፊት የነካ ልጅ በስክሪኑ ላይ ከሚነፋ ፊኛ ጋር አብሮ እንዲተነፍስ ይታዘዛል። ፊኛውን መዝለል አይቻልም። የፈተናው ሰዓት ግን፣ ደጋግሜ እንዳረጋገጥሁት፣ ፊኛው እየተነፋም ይቆጥራል። የእህቴ ልጅ ከቀብር በተመለሰችበት ሳምንት እውነቱን፣ የሚያለቅሰውን ፊት፣ ነካች፤ ተንፍሳ ስትጨርስ ግማሹ ጥያቄ አምልጧት ነበር፤ ደረጃዋም ወረደ። ይህን የነደፈው ባለሙያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሐዘንን እንደ ማርፈድ ቆጥሮ ነጥብ ቀንሶባታል።

፫. ከዚያ ወዲህ ትስቃለች፤ በጣቷ ማለቴ ነው። ጥርስ ባዳ ነው ሲባል እንሰማ ነበር፤ መምሪያዎ ጣትንም ባዳ አደረገው። ባለፈው ሰኞ ዓይኗ እንዳበጠ የሚስቀውን ፊት ነክታ ወንድሟን ስታሠለጥነው ሰማሁ፦ «አንተ ቂል፣ መጀመሪያ የሚስቀውን ንካ! ማልቀስ ካማረህ ከፈተናው በኋላ መታጠቢያ ቤት አለልህ።»

፬. የክፍል አስተማሪዋ «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽብኝ?» ልትላት ፈልጋ መተዋን በሐፍረት ነግራኛለች። በመመሪያዎ መሠረት ይህን የመጠየቅ ሥልጣን ያለው መተግበሪያው ብቻ ነውና፤ እሱ ደግሞ ልጅቷ ደስተኛ ናት ይላል።

የምለምነው ትንሽ ነው። ፊኛው ሲነፋ ሰዓቱ ይቁም፤ አስተማሪዋም በገዛ ዓይኗ እንድታይ ይፈቀድላት። ይህ ከባለሙያዎችዎ አቅም በላይ ከሆነ ፊቶቹን ያንሡልን፤ ያልተጠየቀ ልጅ ቢያንስ አይዋሽም።

ለእንባ የጊዜ ገደብ ያበጀ መሥሪያ ቤት ሊከበር በሚገባው መጠን፣ ከዚያም ሳላሳልፍ፣ አከብርዎታለሁ።

አክስቷ

ማስታወሻ፦ ትናንት መምሪያዎ ለእህቴ ልጅ «የወሩ ደስተኛ ተማሪ» የሚል የምስክር ወረቀት ልኮላታል። ከግርጌው «የእናት ፊርማ» የሚል ባዶ ቦታ አለው። አስፈርማ እንድትመልስ የታዘዘችው እስከ ዓርብ ነው፤ የት ሄዳ እንደምታስፈርም ጠይቃኛለችና መልስዎን በአክብሮት እጠብቃለሁ።